ክርና ክርክር

ባሂያ ብላንካ ላይ ነፋስ ሥራ አይፈታም፤
ከወደቡ ጎተራ የስንዴ እብቅ ዘግኖ
የፍርድ ቤቱን መስኮት ሲደበድብ ያድራል፤
ይግባኝ ባይ ነው እሱ፣ ተረታሁ አይልም።

ከመስኮቱ በታች፣ በምድር ቤቱ ጥጋት፣
ኔሊዳ ባሪዮንዌቮ መዝገብ ትሰፋለች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት።
አዎ፣ በወስፌ ነው። አዎ፣ በጥጥ ፈትል።
እዚህ አገር ክርክር በክር ነው የሚጠቀለል፤
ክስ ሲከፈት ስፌት፣ መልስ ሲገባ ስፌት፣
ምስክር ሲሰማ፣ ስፌት በስፌት ላይ፣ ሌላ ቀጠሮ እስኪመጣለት።

ተለማማጅ ሳለሁ ወስፌ አስይዛኝ «አትፍራ» አለችኝ፤
«ወረቀት አይደማም፣ ጣት ነው የሚደማ።»
ደማሁ።
ነጥቧ ዛሬም አለች፣ ሁለት ወንድማማች
በአንድ የጀልባ ሞተር በተካሰሱበት፣ ገጽ አርባ ሦስት ላይ፣
ከስሜ የቀደመች ፊርማ።

ከዚያ መመሪያው መጣ፣ በሐምሌ ብርድ፦
«አቤቱታ በኮምፒውተር፣ መጥሪያ በስልክ፤
ወረቀት አንቀበልም፤ ነባሩ ሁሉ ስካን ይደረግ።»
አብሮትም መጣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣
ሦስት ሌሊት የምፈጅበትን የፍርድ ፍለጋ
ኩባያዬ ሳይቀዘቅዝ ጨርሶ የሚቆይ።
አልዋሽም፣ ወደድኩት።
ለአንድ ማኅተም ብሎ ስድስት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ይንገላታ የነበረ ገበሬ
ከትራክተሩ ሳይወርድ ይከሳል ዛሬ።

ለኔሊዳ ግን መቀስ ተሰጣት።
የሰፋችውን ልትተረትር፤
ማሽኑ የተሰፋ አያነብማ!
ነጠላ ወረቀት፣ ልሙጥ፣ እጥፋት የሌለው ነው የሚሻ።
ስትቆርጥ ታጉተመትማለች፤ ጸሎት ይሁን እርግማን እንጃ።

ከዕለታት ባንዱ የኤቫሪስቶ ሎንኮን መዝገብ ደረሰ።
እህል ጫኝ ነበረ፤ ግራ እጁን ማጓጓዣው ቀበቶ ጎረሰ።
«ክሱ አራት ቀን ዘግይቷል፣ ይርጋ አግዶታል» ተብሎ
ተዘጋ፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።
ጠበቃው እኔ ነበርኩ።
በቅርቡ ደግሞ ፕሮግራሙን ብጠይቅ
«የመርታት ዕድሉ ከመቶ ሦስት» አለኝ፣ ሳያመነታ።

ክሩን ቆረጠችው።
ገጹ ሲዘረጋ፣ ከስፌቱ እጥፋት፣ ክር ተኝቶበት ከኖረበት፣
ወይን ጠጅ ማኅተም፤ ቀኑም፣ ሰዓቱም የሚነበብበት።
ክሱ በጊዜው ገብቷል።
ቀኑን የያዘው ክር ነበር።

ኔሊዳ መቀሱን አስቀመጠች። ቋጠሮዋን አወቀችው፤
እንደሷ ድርብ አርጎ የሚያጠብቅ የለም።
«እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለች።
እኔም ነኝ ያልገለጥኩት።
ይህንን ግን ጮክ ብዬ አላልኩም።

ፍትሕ ከሥሩ ቢመዘዝ መፍታት ነበር ነገሩ፤
እኛ ግን ስናስር ኖርን፣ እጃችን እስኪላጥ፣
ቀጠሮን በቋጠሮ፣ ቋጠሮን በቀጠሮ።
ማሽኑ አላገኘውም፤ የሚፈልገውን እንኳ አያውቅ።
እሷም ባላየችው፣ ማሽኑ ባያስቆርጣት።
ማን ይመስገን እንግዲህ? ማንስ ይጠየቅ?

ደወልኩለት ለሰውዬው።
ዝም አለ። በስልኩ ውስጥ ነፋሱ ብቻ ተሰማኝ።
«እና ልምጣ?» አለኝ።
«አያስፈልግም፣ ሁሉም በስልክ ሆኗል።»
«ፊርማዬስ?»
«በአውራ ጣት ነው።»
«በየትኛው?» አለና ሳቀ፤
እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ኔሊዳ ጡረታ የወጣች ዕለት ንብረት ማስረከቢያውን
በኮምፒውተር ሞላች።
መቀስ አለ። ወንበር አለ። ቁልፍ አለ።
ወስፌ ግን ዝርዝሩ ላይ የለም።
መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ ደግማ አየች፤
«ሌላ» የሚለውን ተጫነችና
ወስፌውን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ
ወደ ነፋሱ ወጣች።